ዋይፋዩ ሁሉም ክፍል ደረሰ

ቡታጅራ ውስጥ እንደኔ በሰፊ ቤት ብቻውን የሚኖር ጎረምሳ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ያው ቤቱ የሐጂ ነው፣ የኔዋ በሩ ጥግ ያለችው የዘበኛ ክፍል ናት። ግን ሐጂ ከነቤተሰባቸው አዲስ አበባ ነው ያሉት፣ ንግዳቸው እዚያ ነው፤ ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ባለቤቱ በዓመት አንዴ ከመጣ፣ ቁልፍ የያዘው ነው ባለቤት።

የሚመጡት ለአረፋ ነው። አምና ሳምንት እንቆያለን ብለው መጥተው በሦስተኛው ቀን ውልቅ አሉ። ጥፋቱ የራውተሩ ነው። ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጦ ለሳሎኑ ብቻ ይሠራል፣ ፎቅ ላይ ዋይፋይ የሚባል የለም። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ደረጃው ላይ እንደ ታክሲ ሰልፍ ተደርድረው ዋሉ። የመጨረሻዋ ልጅ "አባዬ፣ እኔ እዚህ ቤት ሁለተኛ አላድርም" አለች፣ አለቀ። መኪናው ሲወጣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የኔ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ አረፋ ሳይደርስ ሐጂ ጋ ደወልኩ።

"ሐጂ፣ ሜሽ የሚባል ነገር አለ። ራውተሩ ሳይነቀል ዋይፋዩን ለቤቱ በሙሉ ያዳርሰዋል።"

"አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅኸው?"

"ሐጂ፣ እኔ የማላውቀው ነገር ካለ ገና አልተሠራም ማለት ነው።"

"ስድስተኛ ክፍልንስ?" አሉኝ። ሁለቴ ተምሬ ሁለቴ መውደቄን ያውቃሉ። ሳቁብኝ፣ ግን ገዝተው በሚኒባስ ላኩት።

ካርቶኑ ውስጥ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያካክሉ ሦስት ነጫጭ ነገሮች አሉ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉን ለሚችሉት ትቼ ሥዕሉን አየሁ። አንዱን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁ፣ ስልኬ ላይ አፑን ጫንኩ፣ ስምና ፓስወርድ ሰጠሁት። የራውተሩን የድሮ ዋይፋይ አጠፋሁት፣ ስልኮቹ ደካማው ላይ እንዳይንጠለጠሉ። እስከዚህ እንደ ውሃ ወረደልኝ። ሁለተኛውን ግን በቀጥታ ላይ ወጥቼ የልጅቷ ክፍል ሰካሁት። ዋይፋይ የጠፋው እዚያ ነዋ! መብራቱ ቀይ ሆነ። ነቅዬ ሰካሁት፣ ቀይ። ሰደብኩት፣ ቀይ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሱ ራሱ የታችኛውን ካልሰማ ለሌላው ምን ያቀብላል? ረጅም ገመድ ላይ ሰክቼ እንደ ሕፃን አቅፌው ደረጃውን ቀስ እያልኩ ወረድኩ፣ አይኔ መብራቱ ላይ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሰማያዊ ሆነ።

"ጎሽ የኔ አንበሳ!" አልኩት ጮክ ብዬ። ድምፄ ፎቁን ዞሮ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛውን ላይኛው ኮሪደር ሰካሁ፣ የልጅቷ ክፍል ድረስ ሞላ።

መሥራቱን ለማሳየት ከክፍሏ በቪዲዮ ደወልኩላት።

"ብሮ፣ የምርህን ነው? እዚያ ሆነህ ነው?" ብላ ጮኸች። "አባዬ፣ ኑ እዩ!"

ሁሉም ተሰብስበው መጡ። ስልኬን ይዤ ቤቱን ክፍል በክፍል አዞርኳቸው፤ ሳሎኑን፣ በረንዳውን፣ ጓሮ ያለውን እንሰት ሳይቀር። እናትየው "እሰይ የኔ ልጅ፣ አላህ ያክብርህ" አሉኝ። ተሳሳቅን። ያን ቀን ባለቤት እኔ፣ እንግዶቹ እነሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፍራሽ አሰጣሁ፣ መስኮት ወለወልኩ። ዘንድሮ ሳምንቱን ሙሉ ይቆያሉ፣ ለምን አይቆዩም?

አረፋ ሲቃረብ ሐጂ ደወሉ።

"ልጄ፣ ዘንድሮ እዚሁ ልንውል ነው። ልጆቹ እንደሆነ ቤቱን በቪዲዮ አይተው ጠግበውታል። በጉን አንተ እረድልኝ፣ ወክዬሃለሁ። ለጎረቤት አከፋፍል። እኛ በስልክ እናያለን።"

ቀልድ አላጣም እኔ፣ ያን ቀን ግን "እሺ ሐጂ" ብቻ ነው ያልኩት።

ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሜ ቢስሚላህ ብዬ አረድኩ። አዩ። ቪዲዮው አንድም ቦታ አልተቆራረጠም፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው። "ዒድ ሙባረክ" ተባብለን ዘጉት። ሥጋውን አከፋፍዬ ስመለስ ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ጢም ብሏል፣ ቤቱ ውስጥ ግን የሚያስነጥስ እንኳ የለም።

በማግስቱ የላይኛውን ጣሳ ነቅዬ የኔ ክፍል፣ መንገዱ በኩል ሰካሁት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። የባጃጅ ሹፌር ነው።

"የሐጂ ዘበኛ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ በለኝ እስቲ።"

"ዘበኛ አትበለኝ፣ ማናጀር በለኝ።"

"እሺ ጌታው ማናጀር።"

ሰጠሁት። እሱ ለጓደኞቹ ሰጠ። አጥሩ ሥር ባጃጃቸውን አቁመው ስልካቸው ላይ ተተከሉ፤ አንድም የሚያንኳኳ ጠፋ። ስለዚህ ፓስወርዱን ቀየርኩት። ወዲያው ተንኳኳ! ከዚያ ወዲህ ቶሎ ቶሎ እቀይረዋለሁ። "ሲስተሙ ነው" እላቸዋለሁ። አዲሱን ስነግራቸውም ቀስ ብዬ ነው፣ መሃል ላይ የረሳሁ እመስላለሁ፣ ስለ ኳስ አነሳለሁ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አነሳለሁ። ተቀብለው ይሄዳሉ።

አፑ ሐጂም ስልክ ላይ አለ። አንድ ከሰዓት ደወሉ።

"እዚህ ብዙ ስልክ ገብቶ ያሳየኛል። የማን ነው ይሄ ሁሉ?"

"የእንግዶች ነው ሐጂ።"

"የማን እንግዳ?"

"የኔ።"

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ታዲያ ሻይ አጠጣሃቸው?"

"አዎ ሐጂ" አልኩ፤ ከበሩ ያለፈ ሰው እንኳ የለም።

ስልኩን ዘግቼ ውሃ ጣድኩ። ከትልቁ ቤት ብርጭቆ አመጣሁ። ከዚያ ፓስወርዱን ቀየርኩና በሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ።