ሁላችን የጠፈርነው የዘሀራ አልጋ

ዘሀራ ሞተች ሲሉኝ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ትናንት "ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ነገ ፉል ይዘሽልኝ ነዪ" ያለችኝ ልጅ እንዴት ትሞታለች? ከኦምዱርማን እሷ ሰፈር ዴም ድረስ በሐፍላ ሚኒባስ ስመጣ ፉሉን ገዝቼ ነው የተሳፈርኩት። አላመንኩማ!

ለማታውቋት፣ ዘሀራ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። እናቷ ከወሎ መጥተው ሰው ቤት እየሠሩ እዚሁ ካርቱም ነው ያሳደጓት። አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ሥዕል ክፍል ውስጥ ሐበሻ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

የመመረቂያ ሥራችን ግቢው መሃል ቆሞ አላፊ አግዳሚው በእጁ የሚሠራው ነገር እንዲሆን ታዘዝን። ሰው ካልነካው ወደቃችሁ ተባልን። እኔማ "የሐበሻ ሥራ ማን ይነካል?" ብዬ ትምህርቱን ልተው ቆርጬ ነበር።

እሷ ዐንገረብ አሰበች። ባዶ የእንጨት አልጋ ይቆማል፣ ያለፈ ሁሉ አንድ ዙር ገመድ ይጠፍርበታል። እናቷ የሚያወሩላት የወሎ ጠፍር አልጋ፣ እንግዳ የሚያርፍበት፣ እሱ ነበር በልቧ ያለው። የትኛው ዛፍ ጥላ ሥር ይቁም እያልን ስንጨቃጨቅ ከረምን።

አቆምነው። ማንም አልቀረበም። እንዲያውም ዞረውት መሄድ ጀመሩ።

በመጨረሻ አምና የምትባል የክፍላችን ልጅ ጠጋ ብላ "ያ ዘሀራ፣ ጀናዛ የምንሸኘው፣ ሬሳ የምንሸከመው በምንድነው? ባዶ ዐንገረብ ግቢ መሃል አቁማችሁ ወላሂ ማን ይንካላችሁ?" አለቻት። ካርቱም አድገን ይህቺን መርሳታችን!

እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ዘሀራ ግን ከት ብላ ሳቀች። "ሙሽራስ የምትቀመጠው በምን ላይ ነው? እሱም ዐንገረብ አይደል?" አለችና ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄዳ ቀይ የሙሽራ ጨርቅ ገዝታ አልጋው እግር ላይ አሰረች። ከዚያ ገመዱን ይዛ መንገዱን ዘጋች። "ያላ፣ አንድ ዙር ብቻ!" መምህሩንም፣ ሻይ ሻጯንም፣ ክፍል የረፈደበትንም አስጠፈረች።

ለኔም ሰጠችኝ። መስመሬ ተጣመመ። ልፈታው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተዪው፣ ሰው የሠራው መሆኑ ይታወቅ።"

አለፍን። ዛሬ በሙያዬ እንጀራ የምበላው በሷ ነው።

አልጋውን ለዴም ሰፈር ሰጠችው። "ሙሽራም ይቀመጥበት፣ ሬሳም ይሸኝበት፣ የሁሉም ነው" ብላ። ጦርነቱ ስንቱን ሲወስድ እሱ እዚያው ቆየ።

ዛሬ በሱ ተሸክመዋት ወጡ። እኛ ሴቶቹ በር ላይ ቀረን።

ዘሀርዬ፣ ከፍ አድርገው ሲያነሱሽ ገመዱን ከሥር አየሁት። ጠማማዋ መስመሬ ጀርባሽ ሥር ነበረች። እንኳንም አልፈታኋት! ስንት ጊዜ ስወድቅ አንቺ ደግፈሽኛል፣ ዛሬ እኔም አንድ ዙር ያዝኩሽ። አመሰግናለሁ እህቴ። አላህ በጀነት ያሳርፍሽ።

ያላ፣ ደህና ግቢ።