የተዝካሩ ዳስ

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሐፍረት ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ቢቸና ባለው ደብራችን ቅጥር ውስጥ ወይራና ብሳና ተክለው ፍሬውን ለወፎች ይተዉ ነበር። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካዩ፣ «ተው ልጄ! ደብር የተጠጋ አይነካም፤ ወፍም ቢሆን» ይሉታል።

ለአርባቸው ዳስ ስንጥል ቅጠል አነሰን። እኛ ዘመዶቻቸው፣ ለእርሳቸው ክብር ነው ብለን፣ ያንኑ የተከሉትን ዛፍ ጨፍጭፈን አመጣን። ሕዝቡ ለተዝካሩ እንደተቀመጠ አንዲት ወፍ ገብታ ከዳሱ ጣሪያ ሥር ትዞር ጀመር። ጎጆዋ ከቅርንጫፉ ጋር መጥቶ ኖሯል። የንስሐ አባታቸው ቀና ብለው አይተው፣ «ቅጠሉን ከየት ቆረጣችሁት?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ተው» የሚሉን አጎቴ ብቻ ነበሩ።