የ«ናይስ» ጣውላ

የመሥሪያ ቤት ባጄ ገመድ ማጅራቴን በከረከረኝ ቁጥር መቀመጥ ያቅተኛል። እነሳለሁ፣ እቆማለሁ፣ ገመዱን እጎትታለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ልጄ አለች፤ ወጡም ናይስ፣ ዝናቡም ናይስ፣ የታክሲ ሰልፉ ሳይቀር ናይስ!

እኛስ ብንሆን? ይኸውልህ፣ ሀና ማርያም ሰፈር፣ ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ገና ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ፣ እንግሊዝኛችን ይህችው አንዲት ቃል ነበረች። መምህራችን «እናትህ እንዴት ናቸው?» ቢል ናይስ፤ «የትናንቱ ቀብርስ?» ቢል ናይስ። አንድ ቀን ጠመኔውን ወረወረና፣

«ስሙ! ይህ ቃል ላቲን አገር ሲወለድ ‹የማያውቅ› ማለት ነበር። ፈረንሳይ ሲደርስ ጅል ሆነ። እንግሊዞች ዘንድ ቆይቶ መራጭ፣ ከዚያ ጥንቁቅ፣ በስንት መከራ ደግ ተባለ። እናንተ ደግሞ ለሽሮ ታደክሙታላችሁ። ይረፍበት!» አለ።

ከሳጥን ጣውላ ቆርጦ በሲባጎ አንጠለጠለ። ቃሉን ያለ ሰው አንገቱ ላይ ያጠልቃታል፤ ሌላ ሰው እስኪለው አትወልቅም። ዓርብ በመጨረሻው ደወል አንገቱ ላይ የተገኘችበት ተማሪ፣ ባንዲራ ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ቆሞ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ያነባል።

እኔ በአማርኛ ጅብ አስቅ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን አንብብ ስባል ዴስክ ሥር እደበቅ ነበር።

አንድ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ጎደሬ በዳጣ አጎረሰችኝ። ቤተሰቦቿ ከወላይታ የመጡ ነበሩ። ዳጣው ከምላሴ እስከ ካልሲዬ አነደደኝ። እንባዬ እየወረደ «ናይስ!» ብዬ ጮህኩ። ጣውላዋ አንገቴ ላይ ገባች።

ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ክፍሉ እርጥብ ሹራብ ይሸታል። እኔ እቁነጠነጣለሁ።

«አንተ፣ ቁንጫ አለብህ እንዴ?» አለኝ አጠገቤ ያለው።

ደወሉ ሊደወል ሲል ልጅቷ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ዳጣዬ ናይስ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ብላ ጣውላዋን ከአንገቴ አወለቀች። ጣቶቿ አሁንም ዳጣ ዳጣ ይሉ ነበር።

«አሁን አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ።

ዝናብ ውስጥ ቆማ አነበበች። ድምጿ ውልፍት አላለም። እኔ ለሰኞ ስንት የምስጋና ቀልድ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ!

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር። እስከ ቤታቸው ሮጥኩ። በራቸው ላይ ቁልፍ። ማሳቸውን የሚያርሙት ጎረቤት ቀና ብለው፣

«ቅዳሜ ዕቃቸውን ጭነው ወደ አገራቸው ገቡ እኮ፣ ልጄ። አልነገረችህም?» አሉኝ።

አልነገረችኝም። አርፈህ ተቀመጥ ነው ያለችኝ። መች አረፍኩ!

ዛሬ ያ ማሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ያንን ቃል በቀን ሺህ ጊዜ ትለዋለች። እኔም በሰማሁት ቁጥር ሳላስበው አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የሚያወልቅልኝ እጅ ያለ ይመስል።