ሁለቴ ብልጭ የሚለው ፋኖስ

አያቴ ካረፉ ወዲህ ጉም እፈራለሁ።

ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ሮብ ገበያ ከመመለሳቸው በፊት ቀይ ባሕር ዳር፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ጠባቂ ነበሩ። እያንዳንዱ ማማ የራሱ የብልጭታ ቁጥር አለው። የእሳቸው ሁለቴ ብልጭ ይልና አስር እስኪቆጠር ይጨልማል። «መርከበኛ የት እንዳለ የሚያውቀው ቆጥሮ ነው» ይሉኝ ነበር።

እዚህም ከጮቄ ተራራ ጉም በወረደ ቁጥር ደጃፋችን ላይ ይቆሙና ፋኖሱን በባርኔጣቸው እየሸፈኑ እየገለጡ ይጠብቁን ነበር፤ ሁለቴ ብልጭ፣ ከዚያ እስከ አስር ጨለማ። ከመንገዳችን ዳር ካለው ገደል ማዶም መብራት የሚያበሩ ቤቶች አሉ። «ዝም ብሎ የሚበራ መብራት የማንም ነው፤ ሳትቆጥሪ እንዳትከተይው ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ለአርባቸው ጌሾ ገዝቼ ከገበያ ስመለስ ጉሙ መንገድ ላይ ያዘኝ። ገና አልመሸም፤ ግን የገዛ እጄ አይታየኝም። ፊት ለፊቴ መብራት አየሁና እፎይ ብዬ ፈጠንሁ። የረገጥሁት ድንጋይ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሲያርፍ ድምፁን አልሰማሁም።

ባለሁበት ቁጭ አልሁና እስከ አስር ቆጠርሁ። ደግሜም ቆጠርሁ።

መብራቱ አንዴም አልጠፋም።