ሠላሳ ቆሮሶና ሃያ አምባዛ

በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የኩሬ ጠባቂ ሆኜ የተቀጠርኩት መደመር ስለምችል ብቻ ነው። ዓሣማ ከየት አውቄ! የኦቾሎ ተራራ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ዓሣ መብላት ቀርቶ ሽታውም አይገባም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሊቀመንበሩ ጓድ ታፈሰ አባያ ሐይቅ ዳር ወደተቆፈሩት ሁለት ኩሬዎች ወሰዱኝ። ከቢሮ ተመድበው የመጡ፣ ጫማቸውን ጭቃ ሲነካው ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ነበሩ። በአንዱ ኩሬ ሠላሳ ቆሮሶ አለ፤ መዳፍ የሚያክል ቅርፊታም ዓሣ። በሌላው ሃያ አምባዛ፤ ክንድ የሚያክል፣ አፉ ሰፊ፣ ጢማም።

«ሠላሳና ሃያ?» አሉኝ።

«ሃምሳ!»

«በቃ ተቀጥረሃል። አደራ፣ አንድ እንዳይጎድል!»

ሥራው ቀላል ነበር። ጠዋት ፉርሽካ መበተን፣ ወፍ ማባረር፣ አልፎ አልፎ መረብ ጎትቶ ዓሣውን ወደ ባልዲ እያወጡ ጮክ ብሎ መቁጠር።

አንድ ቀን ከክፍለ ሀገር እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ጓድ ታፈሰ ኩሬዎቹን አይተው ተቆጡ። «ምንድነው ይሄ ለየብቻ መኖር? ዘመኑ የኅብረት ነው! ሁሉንም ወደ አንዱ አግባ። ሃምሳ ዓሣ በአንድ ኩሬ ሲታይ ያምራል።»

አገባኋቸው። መቼም ሃምሳ ሃምሳ ነው፤ የት ይሄዳል?

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር መረብ ጎተትን። ሠላሳ አንድ! ደግመን ጎተትን። ያው ሠላሳ አንድ።

«አሥራ ዘጠኙን ምን አደረግህ?» አሉ ጓድ ታፈሰ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ዓሣ አልበላም፤ አገር ያውቃል!»

«ሸጠሃላ! ይሄ የኢኮኖሚ ሻጥር ነው። ነገ ሃምሳ ካልሞላ ለእንግዶቹ ነው የማስረክብህ።»

በዚያ ዘመን ሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ምን ብዬ ልንገራት?

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት የምትሠራው አስካለ ለእንግዶቹ ምሳ አንድ አምባዛ አስወጣችኝና ሆዱን ሰነጠቀችው።

«ወይ ጉድ! አንጁሎ ወንድሜ፣ ና እይ!»

ሆዱ ውስጥ ሁለት ቆሮሶ። አንዱ ሙሉ ነው፤ የሌላው አጥንቱ ቀርቷል።

እየሮጥኩ ሄጄ ጓድ ታፈሰን ጠራኋቸው። «ሃምሳውም አሉ ጓድ! አንዳንዶቹ ውስጥ ናቸው እንጂ!»

ጎንበስ ብለው አዩ። እኔ እፎይ አልኩ፤ እሳቸው ግን ገና ሂሳባቸው ላይ ናቸው። «ሁለት ተገኘ። አሥራ ሰባት ይቀራል። ሌላ ክፈቱ!»

«ኧረ ጓድ፣ ምሳው ይበቃል!» አለች አስካለ።

«ክፈቺ! ሃምሳ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ!»

ሃያውም አምባዛ ተከፈተ። አስካለ ታወጣለች፣ እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እሳቸው ይደምራሉ። ከአንዱ ሆድ ግማሽ ቆሮሶ ወጣ።

«ይሄ ግማሽ ነው» አልኩ።

«ጭንቅላት ካለው አንድ ነው!»

ቀጥሎ ጅራት ብቻ ተገኘ። ይሄኛውስ ብላቸው ትንሽ አሰቡና «የማን ጅራት እንደሆነ ካልታወቀ ራሱን የቻለ ዓሣ ነው» አሉ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ቆጠርኩት።

«ሃምሳ ሞላ!» ብለው ጮኹ። ጨበጡኝ። «ጓድ አንጁሎ፣ ንጹህ ሰው ነህ!»

እንግዶቹ ሲደርሱ ኩሬው ውስጥ አሥራ አንድ ቆሮሶ ጥግ ይዘዋል። ዳር ላይ ሃያ የተሰነጠቀ አምባዛ ጆንያ ላይ ተደርድሯል፤ አጠገቡ አጥንትና ጅራት።

«ጠቅላላ ሃምሳ!» አሉ ጓድ ታፈሰ በኩራት።

አንዱ እንግዳ ኩሬውን አየ፣ ጆንያውን አየ። «በሕይወት ያለውስ?»

«እሱን ለብቻ አልደመርነውም።»

ምሳው መቼም የጉድ ነበር፤ አምባዛ ጠግበው ሄዱ። እኔን ግን ለአሥራ አንድ ቆሮሶ ጠባቂ አያስፈልግም ብለው አሰናበቱኝ። ሚስቴ ሥራ መፍታቴንና ለጥቂት ከመወሰድ መትረፌን ስነግራት አልተናደደችም፤ በሩን ዘግታ እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ በሌሎች ኩሬዎች ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ለጀማሪ የምነግረው ይህን ነው፦ ወረቀት ላይ የተጻፉ ቁጥሮች አይራቡም፤ ለዚህ ነው መደመር የሚሠራላቸው። ሌላውን አንድ ላይ ከማድረግህ በፊት ማን ማንን እንደሚበላ ጠይቅ።