ግማሹ ወንጂ የተወለደበት ቀን

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መጽሐፍ እያገላበጥኩ፣ እየተሳሳትኩና እያረምኩ ፕሮግራም መጻፍ የቻልኩ ሰው ነኝ። አዳማ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ! ልጄም ሙያውን የወደደችው ከጀርባዬ ቆማ ስክሪኑን እያየች ነው። ዩኒቨርሲቲው የጨመረላት ጥቂት ነው።

ለውጭ አገር ድርጅት ከቤት ሆና ትሠራ ነበር። ደመወዟ ጥሩ፣ አለቆቿም ጨዋ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ግን "አባዬ፣ ይህን ሙያ ልተወው ነው። ልብስ ቤት እከፍታለሁ" አለችኝ።

"ምን አጎደሉብሽ?"

"ምንም። ግን የምሠራውን ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም። ገደል ውስጥ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው፤ ሲያርፍ እንኳ አይሰማም።"

ክርክር አላበዛሁም። ወንጂ ያለ የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሚሠራው እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ሰኞ ፈቃድ አስወስጄ ይዣት ሄድኩ።

ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት ገና ስታየኝ "ጋሼ መጡ! ይኼ ፕሮግራምዎ ገደለኝ እኮ!" አለች። ከፊቷ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቆመዋል።

"እማማ፣ መቼ ተወለዱ?"

"ስኳር ፋብሪካው ሲተከል ነው መሰለኝ፣ ልጄ።"

ፕሮግራሜ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ተሟልቶ ካልገባለት አያሳልፍም። የካርድ ክፍሏ ሴት ዓመቱን ገመተች፤ ቀንና ወሩን ሳታመነታ ሞላች።

ልጄ ጎንበስ ብላ አየችና "ይኼ ቀን ከየት መጣ?" አለች።

"የእኔ ልደት ነው! ቀኑን የማያውቅ ሁሉ የእኔን ይወስዳል። ግማሹ ወንጂ ከእኔ ጋር ነው የተወለደው፤ አንዱም ግን ኬክ አላመጣልኝ!"

ልጄ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር። እዚያው ቁጭ ብላ ኮዴን ከፈተችና ዕድሜ በግምት ብቻ ቢነገረውም እንዲያልፍ አደረገችው። እኔ ሙሉውን ቀን ያስገደድኩት ለጥራት ብዬ ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

የካርድ ክፍሏ ሴት ሞከረችውና ልጄን ጉንጯን ሳመቻት። "አባትሽን ስንቴ ለምኛቸዋለሁ፤ 'ሥርዓት ነው' ይሉኛል!"

"ሌላስ ምን ያስቸግርሻል?" አለቻት ልጄ።

"ወይ አንቺ! ወንበርሽን ሳብ አድርጊያ፤ ብዙ ነው።"

ልብስ ቤቱ ቀረ። ልጄ ድርጅቱን ለቀቀች እንጂ ሙያውን አልተወችም፤ ዛሬ ከአዳማ እስከ ቢሾፍቱ ላሉ ክሊኒኮች ትሠራለች። ገቢዋ ቀንሷል። ተጠቃሚዎቿ እየደወሉ አንዴ ይቆጧታል፣ አንዴ ይመርቋታል፤ እሷም እየሳቀች ታነሳለች። ይህን ሙያ ከማን እንደተማረች ሲጠይቋት ምን እንደምትመልስ አልሰማሁም። መገመት ግን አያቅተኝም።