ለቴሉስ ያልታረደችው ላም

ልጄ በአስራ አምስት ዓመቷ ላቲን ልማር ስትል አልከለከልኳትም። እኔ ራሴ የተማርኩት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሪከንባከር የሚባል የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ በእረፍት ሰዓት ካርቶን ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ስለሆነ መጽሐፍ የያዘ ሰው አልነካም። ነገሩ የተበላሸው ቴሉስን ይዛ ቤት የገባች ቀን ነው። ቴሉስ የጥንት ሮማውያን የምድር አምላክ ናት። መሬትን እናት እያሉ ይሰግዱላት ነበር፤ አምልኮዋ ከቀረ በኋላም ገጣሚዎች ስሟን ማንሳት አልተዉም። ልጄም ስለ እሷ ጽፋ ክፍል ፊት ልታነብ ነው።

«በዚህ ቤት መሬት ፍጥረት ናት እንጂ አምላክ አይደለችም» አልኳት።

«ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ሆምወርክ።»

«ሆምወርክም ሃይማኖት አለው!»

ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ ስሰብክ ከረምኩ። እሷ ሽሮዋን እየበላች ዝም ትላለች። የልጁን ዝምታ እንደ እሺታ የሚቆጥር አባት ሞኝ ነው፤ እኔም ቆጠርኩት።

ቅዳም ስዑር ጠዋት ከሐበሻ ጎረቤቶቼ ጋር ለፋሲካ የምንካፈለውን የቅርጫ ከብት ልንገዛ ከከተማ ወጣ ወዳለ እርሻ ሄድን። ትልቃችን ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ከብት የምመርጠው ግን ሁልጊዜ እኔ ነኝ። መርጬ አፍሬ አላውቅም፣ በዚህም እኮራ ነበር። ሥጋ ሱፐርማርኬት ውስጥ እንደማይበቅል ትይ ብዬ ልጄንም አስከትያታለሁ።

ሁዳዴን የጾመ ዓይን ስብ እንጂ ሌላ አያይም። ሆዷ ግራና ቀኝ የተነፋ ቀይ ላም አየሁና «እቺን ነው!» አልኩ።

ጋሼ ጎኗን ቸብ ቸብ አድርገው «አንተ እኮ ዓይንህ ሚዛን ነው!» አሉኝ።

ባለእርሻው ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ላሟ እርጉዝ መሆኗን ነገረን። ከፈለግን እንውሰዳት፤ ካልሆነ የቀረው ያ ነው ብሎ አጥር ጥግ የቆመ ከሲታ ወይፈን አሳየን።

ልጄ ሳቋ አመለጣት። «ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ፐርፌክት! ሮማውያን በኤፕሪል ለቴሉስ የሚያርዱት እኮ እርጉዝ ላም ነው። አሁን ደግሞ ኤፕሪል ነው!»

«ምንድነው የምትለው?» አሉ ጋሼ።

«ለጣዖት ልታርዱ ነው እያለችን ነው።»

«ታዲያ ምን አለበት? እኛ በስመ አብ ብለን እናርዳለን!»

ላሟንና ወይፈኑን እያፈራረቅኩ አየሁ። ላሟን ባርድ ልጄ ዕድሜ ልኳን ትስቅብኛለች፤ ሳምንት ሙሉ የሰበክኩትም ገደል ገባ። ወይፈኑን ብወስድ ደግሞ የመራጭነት ስሜ አበቃለት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ላሟ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

«ወይፈኑን» አልኩ።

ጋሼ ቀይዋን ላም ዞር ዞር ብለው እያዩ ወደ መኪናው ሄዱ።

በፋሲካ ቀን እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። ባለቤታቸው እትዬ ድስቱን ይዘው መጡና «ከንጋት ጀምሮ ቀቅዬው አልሰማም አለኝ» አሉ።

ጋሼ አንድ ጉራሽ አላምጠው አላምጠው፣ «ከብት ነው ወይስ ጫማ የገዛኸው?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ መራጫችን አንቺ ነሽ። አንቺ ቢያንስ መጽሐፍ ታያለሽ።»

«ዲል!» አለች ልጄ፣ የጋሼን እጅ ጨብጣ።

ልቃወም ፈልጌ ነበር። ግን አፌ ውስጥ ያለው ወይፈን ገና አልተላመጠም።